«ወፍ የለም» ለምትሉ ሁሉ!

የዛሬው ጨዋታችን ከፍቅርና ከትዳር ጣጣ ትንሽ ዞር ይልና ሽርሽር ይወጣል። ጓዝ አያስፈልግም። ዓይናችሁን ብቻ ይዛችሁ ኑ።

መቼም ከአዲስ አበባ ልጅ አፍ ወፍ አትጠፋም። ኪሱን ፈትሾ ባዶ ሲያገኘው «ወፍ የለም!» ይላል። ልጅ እያለ ትልልቆቹ እንዳይሰሙት በወፍ ቋንቋ ሲያወራ ነው ያደገው። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲያይ «የወፍ በሽታ ይዞታል» ብሎ ይደመድማል። ታዲያ ይህንኑ ልጅ አስቁማችሁ «እስቲ የአሥር ወፎች ስም ጥራልኝ» በሉት። እርግብ፣ ቁራ፣ አሞራ፣ ጭልፊት፣ ንስር... ከዚያ በኋላ በቃ፣ ወፍ የለም!

እንዲህ የምንለው ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት የሚገኝባት አገር ልጆች ሆነን ነው። ፈረንጅ ገንዘቡን ቆጥቦ፣ መነጽሩን አንጠልጥሎ፣ ይህንኑ ሊያይ አገራችን ድረስ ይመጣል። እኛ ቀና ብለን አናይም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል አይደል የሚባለው? ለዚህ ነው የዛሬውን ወሬ ከሩቅ፣ ከአሜሪካዋ ፍሎሪዳ የምጀምረው። አንዳንዴ የራስን ደጅ በደንብ ለማየት የሰው ደጅ ቆሞ መመለስ ይጠቅማል።

ነገሩ እንዴት መጣ?

ባለፈው ሚያዝያ ፍሎሪዳ የምትኖረው አክስቴ ዘንድ ነበርኩ። አክስቴ አሜሪካ ከገባች 23 ዓመት ሆኗታል። ቀን ቀን አቅመ ደካሞችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ትንከባከባለች፤ ማታ ደግሞ ሌላ ሥራ አላት። ከቤቷ እስከ ባሕሩ ድረስ በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። «ባሕሩን ስንቴ አየሽው?» ብላት በጣቷ ቆጠረች። አንዱ እጅ እንኳ አልሞላም።

ከምትንከባከባቸው ሰዎች አንዱ የ84 ዓመት አዛውንት ናቸው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር። እኚህ ሰው ከባለቤታቸው ጋር በየዓመቱ ጸደይ ሲመጣ ወፍ ለማየት ይወጡ ነበር። ባለቤታቸው ከሦስት ዓመት በፊት ዐረፉ። እሳቸውም እግራቸው ከዳቸው፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ጆሯቸውም ቀጭን ድምፅ መስማት ትቷል። ዘንድሮ ግን «አንድ ጊዜ ልየውና ከዚያ ይበቃኛል» ብለው በአስጎብኚ ለሚመራ የአምስት ቀን ጉዞ ተመዘገቡ። ተንከባካቢ ያስፈልጋል፤ አክስቴ ተጨመረች። ዊልቸር የሚገፋ ጎረምሳ ያስፈልጋል፤ እኔ ተጨመርኩ። ለእሳቸው ስንብት፣ ለአክስቴ ሥራ፣ ለእኔ ደግሞ በነጻ የተገኘ ሽርሽር ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ንጋት፣ ወፍ እንኳ ሳይንጫጫ፣ ስምንት ሰው አንድ ሚኒባስ ውስጥ ተሰበሰበ። ሁሉም አንገቱ ላይ ባይኖክላር አንጠልጥሏል። አክስቴ ዞር ብላ አየቻቸውና በጆሮዬ «ወፍ ለማየት ነው ይህ ሁሉ ሰው? ሥራ የላቸውም እንዴ?» አለችኝ።

ለምን በጸደይ?

ፍሎሪዳ በካርታ ላይ ስትታይ ወደ ባሕር የተቀሰረች ጣት ትመስላለች። ከደቡብ ጫፏ እስከ ኩባ 145 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። አየሯ ሞቃትና እርጥብ ነው። ደግሞ የሚገርመው፣ ደቡቧ እንደ እኛው አገር በጋና ክረምት እንጂ አራት ወቅት አያውቅም። ከኅዳር አካባቢ ጀምሮ ይደርቃል፤ ከግንቦት በኋላ ዝናቡ ይወርዳል።

ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። በሚያዝያ በጋው ሊያልቅ ሲል በሰፊው ረግረግ ላይ ተበትኖ የነበረው ውሃ ይሸሻል። ዓሣው ሁሉ በየጉድጓዱ ይታጨቃል። ዓሣ የታጨቀበት ቦታ ላይ ወፍ ይሰበሰባል፤ ጫጩትም የሚያድገው በዚህ ግብዣ ነው። በዚያው ሰሞን ክረምቱን በደቡብ አሜሪካና በካሪቢያን ደሴቶች ያሳለፉ ትንንሽ ወፎች ባሕር አቋርጠው ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። ደክሟቸው መጀመሪያ የሚያርፉት እዚችው ጣት ላይ ነው። አገሬውና መንገደኛው ባንድ ላይ የሚታዩት በነዚህ ጥቂት ሳምንታት ነው።

ካርቱኒስቱ ያዳነው ደሴት

የመጀመሪያው ቀን በምዕራቡ ጠረፍ ሳኒበል የሚባል ደሴት ላይ አለፈ። እዚያ ያለው የዱር እንስሳት መጠለያ ዲንግ ዳርሊንግ ይባላል። ዳርሊንግ ማን መሰላችሁ? የጋዜጣ ካርቱኒስት! በ1924 እና በ1943 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ ሰው ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ደሴቷ ለመሬት ሻጮች እንዳትውል ተሟግቶ ቦታው በ1945 መጠለያ ሆነ። ለእኛ ለጋዜጣ ሰዎች የሚያኮራ ነገር ነው። ሥዕል የሚሥል እጅም መሬት ማስከበር ይችላል ለካ!

ቦታው ማንግሮቭ የሚባል ዛፍ ያለበት ነው። ጨው ውሃ ውስጥ በብዙ እግር የቆመ ይመስላል፤ ሥሩ ከውሃው በላይ ይታያል። ባሕሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ ጭቃው ይጋለጥና ወፎቹ ገበያ ይወጣሉ። ምንቃሩ እንደ ማንኪያ ጠፍጣፋ የሆነ ሮዝ ወፍ አየን። ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ውሃውን ያማስላል። ሮዝነቱን የሚያገኘው ከሚበላቸው ትንንሽ የውሃ ፍጥረቶች ነው። ሌላው ቀላ ያለ ወፍ ደግሞ ክንፉን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል። የሚጨፍር ይመስላል እንጂ ዓሣ እያሳደደ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከአሸዋው ዳርቻ ወጣን። እዚያ በገመድ የታጠረ ቦታ አለ። ውስጡ ምንም የለም፣ አሸዋ ብቻ። አስጎብኚያችን «በደንብ እዩ» አለች። ስናተኩር ለካ አሸዋው ላይ አሸዋ የመሰሉ እንቁላሎች አሉ! ጎጆ የለ፣ ሣር የለ፣ እዚያው መሬት ላይ። እናትየዋ ሰው ሲቀርብባት ክንፏ የተሰበረ መስላ እየተጎተተች ትሄዳለች። አሳዳጁ እሷን ተከትሎ ከልጆቿ እንዲርቅ ነው። አክስቴ ይህን ስታይ «እናት!» አለች፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ፌዟን ግን ያቆመችው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነው።

«ሳቢሳ!»

በሁለተኛው ቀን ወደ መሐል አገር ገባን። ደቡብ ፍሎሪዳ ስትባል ሁሉም የሚያስበው ባሕርና ሆቴል ነው። ውስጧ ግን የከብት አገር ነው። ሚኒባሳችን በግጦሽ መሬት መሐል ሲበር አክስቴ ድንገት መስኮቱን እየመታች «ሳቢሳ! ሳቢሳ! አቁሙ!» ብላ ጮኸች። በአማርኛ!

ሹፌሩ ደንግጦ ቆመ። ከላሞቹ እግር ሥር ነጫጭ ወፎች አንበጣ ይለቅማሉ። የመራቢያቸው ወቅት ስለሆነ አናታቸውና ደረታቸው ብርቱካንማ ቀለም ተቀብቷል። አስጎብኚያችን ልትቆም እንኳ አላሰበችም ነበር፤ ለእሷ የዘወትር ወፍ ነው። አክስቴ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ጎጃም ከብት ስጠብቅ፣ አባቴ በሬ ላይ ስትቆም የማያት እኮ ናት! እዚህ ምን ታደርጋለች?»

እኔ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተረጎምኩ። አስጎብኚዋ ሳቀችና ታሪኩን ነገረችን። እውነትም ወፏ የአሜሪካ ሰው አይደለችም። የመጣችው ከአፍሪካ ነው። ማንም በመርከብ አላመጣትም፤ በራሷ ክንፍ አትላንቲክን አቋርጣ፣ ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ በርራ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ደቡብ አሜሪካ ታየች። ፍሎሪዳ ውስጥ መጀመሪያ የታየችው በ1941 ነው። በ1953 ጎጆ ሠርታ ወለደች። አሁን ከብት ባለበት ሁሉ አለች።

አክስቴ ይህን ስትሰማ «ያለ ቪዛ!» ብላ እስኪያማት ሳቀች። ሽማግሌው «ምን አለች?» ብለው ጠየቁ። ነገርኳቸው። እሳቸውም ሳቁና ማስታወሻቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ባለቤታቸው ሳሉ የጀመሩት፣ ጠርዙ የተበላ ደብተር ነው። ሳቢሳ በእንግሊዝኛ ስሟ ከብዙ ዓመት በፊት ተጽፋለች። «የአማርኛውን ስም ከጎኑ ጻፍልኝ» አሉኝ። በፊደላችን ጻፍኩላቸው። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባል የለ? ስሟንም እንዳገሯ ማግኘቷ ደስ ይላል።

የዚያን ዕለት መድረሻችን ኮርክስክሩ የተባለው ረግረግ ነበር። እዚያ ከእንጨት የተሠራ፣ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆን መተላለፊያ አለ። ለዊልቸር ምቹ ነው፤ ጎማው እንጨቱ ላይ ሲሄድ ዱብ ዱብ ይላል። ግራና ቀኙ ከ500 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ሳይፕረስ የሚባሉ ዛፎች የቆሙበት ጥቁር ውሃ ነው። በዚያ አካባቢ የነበረው እንዲህ ያለ ደን አብዛኛው ለሳንቃ ተቆርጦ አልቋል። ይሄኛው የተረፈው በ1954 ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ስላስጣሉት ነው።

እዚያ የሚኖር አንድ ወፍ አለ፤ ሐዋሳ ዓሣ ገበያ የሄደ ሰው ቢያየው «የአባ ኮዳ ዘመድ!» ይላል። ራሰ በራ፣ አንገቱ የተጨማደደ፣ ትልቅ ምንቃር ያለው የራዛ ዓይነት ነው። ዓሣ የሚይዘው በዓይኑ አይደለም። ምንቃሩን ከፍቶ ውሃ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ዓሣ ሲነካው ቀጭ! ከ25 ሚሊ ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ይዘጋዋል። ዓይን ከመርገብገቡ በፊት አለቀ። ታዲያ ለዚህ ዓይነት አደን ዓሣው የታጨቀበት ውሃ ያስፈልጋል። ውሃው ያለጊዜው ከደረቀ ወይም ያለጊዜው ከሞላ ወፉ ጎጆ አይሠራም። በኮርክስክሩ በአንዳንድ ዓመታት አንድም ጎጆ ሳይሠራ አልፏል።

የሣር ወንዝ

በሦስተኛው ቀን ኤቨርግሌድስ ገባን። ስሙን በፊልም ሰምታችሁት ይሆናል። ሐይቅ አይደለም፣ ጫካም አይደለም፤ ወንዝ ነው ቢባል ይሻላል። ኦኪቾቢ ከሚባለው ትልቅ ሐይቅ ተነስቶ፣ ወርዱ በአሥሮች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር፣ ጥልቀቱ ግን ብዙ ቦታ ከጉልበት የማይበልጥ ውሃ በሣር ውስጥ እየተሳበ ወደ ባሕር ይሄዳል። ሲሄድም አይታይም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ውሃ ይመስላል።

የሰው ልጅ ግን ይህን ቀስታ አልወደደውም። ቦይ ቆፈረ፣ ግድብ ሠራ፣ ለእርሻና ለቤት ሲል ከጥንቱ ረግረግ ግማሽ ያህሉን አጠፋ። በ1928 የተከፈተው አውራ ጎዳናም ውሃውን እንደ ግድብ አቋርጦ ቆመ። አሁን ጥፋቱን ለማረም ብዙ ገንዘብ ያፈሳሉ። በ2013 ከዚያው ጎዳና ላይ አንድ ማይል ያህሉን አንስተው በድልድይ ተኩት፤ በ2019 ሌላ ጨመሩ። ውሃው ከሥር እንዲያልፍ ነው። መጀመሪያ መዝጋት፣ ከዚያ በብዙ ብር መክፈት! የኛ ሰው ቢሆን «ሲሠሩ ማፍረስ» ይለው ነበር።

እዚያ ቀንድ አውጣ ብቻ በልቶ የሚኖር ጭልፊት አየን። ምንቃሩ እንደ መርፌ ቁልፍ የታጠፈ ነው፤ ቀንድ አውጣውን ከቅርፊቱ ሳይሰብር ያወጣዋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከሌላ አገር የመጣ ትልቅ ቀንድ አውጣ ረግረጉን ወረረው። ሁሉም «ጭልፊቱ አለቀለት» ሲል፣ ወፉ ትልቁንም መብላት ጀመረ። ተመራማሪዎች ሲለኩት በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚወለዱት ጭልፊቶች ምንቃር ተለቅ እያለ መጥቷል። ኑሮ ሲከብድ ሁሉም ይላመዳል!

ለባርኔጣ የሞተ ሰው

በአራተኛው ቀን መንገዱ እስኪያልቅ ድረስ ሄደን ፍላሚንጎ የሚባል ቦታ ደረስን። ከዚያ ወዲያ ባሕር ነው። እዚህ ላይ ፋሽን የምትወዱ አንባብያን ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ታሪኩ የእናንተ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በኒውዮርክም በፓሪስም ሴቶች ባርኔጣቸው ላይ የወፍ ላባ ካልሰኩ እንደ ለበሱ አይቆጠርም ነበር። እጅግ የሚፈለገው ላባ ደግሞ ከነጭ ሳቢሳ ጀርባ ላይ በመራቢያ ወቅት ብቻ የሚወጣው ስስ ላባ ነው። ስለዚህ አዳኞቹ የሚሄዱት ወፏ ጫጩት ታቅፋ ሳለች ነው። እናትየዋ ትገደላለች፤ ጫጩቶቹ ጎጆ ውስጥ በረሃብ ያልቃሉ። ላባው በሚዛን ሲሸጥ ከወርቅ ይበልጥ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰማይ ይሸፍን የነበረ ወፍ ሊጠፋ ደረሰ።

ያዳኑት እነማን ናቸው? መጀመሪያ ሴቶች። በ1896 ሁለት የቦስተን እመቤቶች ጓደኞቻቸውን ሻይ እየጋበዙ «ላባ ያለበት ባርኔጣ አናደርግም» የሚል ማኅበር አቋቋሙ። ቀጥሎ ጠባቂዎች። በ1902 ፍላሚንጎ አካባቢ ጋይ ብራድሊ የሚባል ሰው የወፍ ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። በልጅነቱ እሱም ላባ አዳኝ ነበር፤ በኋላ ልቡ ተመለሰ። ሐምሌ 8 ቀን 1905 የተኩስ ድምፅ ሰምቶ በጀልባው ሄደ። የሚያውቃቸው ጎረቤቶቹ ናቸው ወፍ የሚገድሉት። ሊይዛቸው ሲል ተኩሰው ገደሉት። ገና 35 ዓመቱ ነበር፤ ሚስትና ልጆች ነበሩት። ገዳዩ ጥቂት ወራት ታስሮ ክስ ሳይመሠረትበት ተለቀቀ።

ደሙ ግን ፈሶ አልቀረም። ወሬው በጋዜጣ ተናኘ፣ ሰው አፈረ። ኒውዮርክ በ1910 የላባ ንግድን ከለከለች፤ በ1918 በመላው አገሪቱ ስደተኛ ወፎችን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። በ1947 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትሩማን ራሳቸው መጥተው ኤቨርግሌድስን ብሔራዊ ፓርክ ብለው መረቁ። ዛሬ እዚያ ቆሞ ነጭ ሳቢሳ በመንጋ ሲነሳ የሚያይ ሰው ሁሉ የዚያ ሰው ባለዕዳ ነው።

ፍላሚንጎ የሚባለው ወፍ ግን ስሙን ትቶ ሄዶ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ በፍሎሪዳ ብርቅ ሆኖ ቆየ። በነሐሴ 2023 የተነሳው ኢዳሊያ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ብዙዎቹን ከካሪቢያን በኩል እየነዳ አመጣቸውና አገሬው ጉድ አለ። እኛ አልቀናንም ነበር፤ አላየንም። አክስቴ «አብያታ ሐይቅ ላይ ሞልቷል» ስትላቸው ስምንቱም ዞረው አዩን። «አይታችኋል?» አሉን። አክስቴ እኔን አየችኝ፣ እኔ አክስቴን አየሁ። በአውቶቡስ መስኮት ስናልፍ...

12 ግራም

የመጨረሻው ቀን ንጋት ላይ ማያሚ አጠገብ ካለችው ኪ ቢስኬን ደሴት፣ ከአሮጌው መብራት ቤት አቅራቢያ ዛፎች ሥር ነበርን። ሌሊት ባሕር ሲያቋርጡ ያደሩ ወፎች የሚያርፉት እዚያ ነው። አስጎብኚያችን ጥቁር ቆብ ያጠለቀች የምትመስል ትንሽ ወፍ ፈለገች። ክብደቷ ወደ 12 ግራም ነው፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። ከደቡብ አሜሪካ ተነስታ ካናዳና አላስካ ድረስ ትሄዳለች። በመጸው ስትመለስ ደግሞ አትላንቲክን ሁለት፣ ሦስት ቀን ሳታርፍ የምትሻገር ናት። በሦስት ማንኪያ ስኳር!

ችግሩ ዘፈኗ ነው። በጣም ቀጭን ስለሆነ ሰው ሲያረጅ መጀመሪያ ከጆሮው ከሚጠፉት ድምፆች አንዱ ነው። ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። «ድሮ ለእኔ የምትሰማልኝ እሷ ነበረች» አሉ። ባለቤታቸውን ማለታቸው ነው።

አክስቴ ጸጥ ብላ ቆመች። ከዛፉ ላይ «ጽ-ጽ-ጽ-ጽ» የሚል፣ ከሩቅ መጥቶ የሚያይል፣ ከዚያም የሚከስም ድምፅ መጣ። እጃቸውን ያዘችና በጣቷ መዳፋቸው ላይ መታ መታ ታደርግ ጀመር። መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ ጠበቅ፣ መልሳ በቀስታ። ልክ እንደ ዘፈኑ። ሰውየው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ባይኖክላሩን እሷ ራሷ ዓይናቸው ላይ ደግፋ ያዘችላቸው፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ። «አያታለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም።

ወደ ቤት ስንመለስ አክስቴ ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? «ሃያ ሦስት ዓመት የሠራሁበትን አገር አምስት ቀን አየሁት።»

እናንተስ?

እንዲህ ያለ ጉዞ ለሚገጥማችሁ፣ ለፍሎሪዳም ለዝዋይም የሚሆን ምክር ይኸውላችሁ።

1ኛ. ማልዳችሁ ውጡ። ወፍ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ነው የሚጫወተው። ቁርስ ይደርሳል።

2ኛ. ደማቅ ልብስ ይቅር። ቡኒ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ ይበቃል። ረግረግ ከሆነ እጅጌ ያለው ልበሱ፤ የወባ ትንኝ ዘመድ አይመርጥም።

3ኛ. ባይኖክላር ከሌላችሁ አትቅሩ። ዓይን መጀመሪያ ነው። አንድ ቦታ አሥር ደቂቃ ቆማችሁ ዝም በሉ፤ ወፎቹ ራሳቸው ይመጣሉ።

4ኛ. ጎጆ ስታገኙ ራቁ። ለፎቶ ብላችሁ ስትጠጉ እናትየዋ ትሸሻለች፤ እንቁላሉን ፀሐይ ይጨርሰዋል። በስልክ የወፍ ድምፅ እያስጮሃችሁ አታታልሏቸው።

5ኛ. አዞ ባለበት ውሃ ዳር አትቀመጡ፣ ምግብም አትወርውሩለት። ሰው ሲያበላው ሰውን መፍራት ይተዋል።

6ኛ. የምታዩትን ጻፉ። ቀን፣ ቦታ፣ ስንት እንደነበሩ። ስሙን ካላወቃችሁት መልኩን ጻፉ።

7ኛ. ትልልቅ ሰዎችን ይዛችሁ ሂዱ። የወፎቹን የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የሲዳምኛ ስም የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እነሱ ሲያልፉ ስሙም አብሮ ያልፋል።

የት እንሂድ ካላችሁ፣ ሩቅ አይደለም። ገፈርሳ ግድብ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ አፍንጫችን ሥር ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኘው ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ እዚያ ይታያል። ጠዋት ጠዋት ግቢያችሁ ላይ እየጮኸች የምታልፈው፣ ምንቃሯ እንደ ማጭድ የታጠፈው ጥቁር ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ አገር የላትም። ቢሾፍቱ ሐይቆቹ አሉ። ባቱ ስትሄዱ የዝዋይ ሐይቅ ዳር ፔሊካንና አባ ኮዳ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ሲሻሙ ታያላችሁ። ከመስከረም ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ድረስ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ እንግዶችም በስምጥ ሸለቆው ይከርማሉ።

አብያታን ደግሞ ቶሎ እዩት። ወደ ሐይቁ የሚገባው ውሃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ሲቀዳ ኖሮ ዳርቻው ወደ ውስጥ ሸሽቷል። ፍሎሪዳዎች ውሃቸውን ከዘጉ በኋላ ነው ድልድይ መሥራት የጀመሩት። እኛ ያን ያህል ገንዘብ የለንም፤ ስለዚህ አስቀድመን ማየት ይሻለናል። የቦስተን እመቤቶች ባርኔጣቸውን ያወለቁት፣ ካርቱኒስቱ ለደሴት የተሟገተው መጀመሪያ ስላዩ ነው። ሰው ያላየውን ነገር ቢጠፋም አይናፍቀውም፣ ያልናፈቀውንም አይጠብቅም።

እስቲ በመጪው ቅዳሜ በጠዋቱ ተነሱና ከበራችሁ ላይ አሥር ደቂቃ ቁሙ። ያያችሁትን አንድ ወፍ ስም እናታችሁን ጠይቁ። እሷ ካላወቀች አያታችሁን። ስሙን ይዛችሁ ስትመለሱ «ወፍ የለም» የምትለዋን ቃል ለባዶ ኪስ ብቻ ትተዋታላችሁ።

እስከ ሳምንት ቸር ይግጠመን!